ዘጠኝ ቤዝ ጊታር ነበረኝ፣ ሦስቱን እንዴት እንዳስቀረሁ

ድሬ ላይ ቤዝ የሚጫወት ሰው ብዙ አይደለም፣ ያለነውም እንተዋወቃለን፣ ስለዚ አንድ ሰው መሣሪያ ሊሸጥ ሲያስብ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። እኔ ቤት ዘጠኝ ቤዝ ጊታር የተጠራቀመው በዚህ መንገድ ነው፣ አንዱ ባንድ ሲፈርስ፣ አንዱ ጓደኛችን ከሀገር ሊወጣ ሲል፣ ሌላው በጅቡቲ በኩል ከመጣ ልጅ እጅ፣ "አቦ አንተ ውሰደው፣ ሌላ ሰው ጋ ይበላሻል" እየተባልኩ። ለጌጥ ብዬ የገዛሁት አንድም የለም፣ ሁሉንም መድረክ ላይ ይዣቸው ወጥቻለሁ፣ ለዛም ነው መቀነሱ ያን ያህል የከበደኝ። እንደኔ ብዙ መሣሪያ ይዞ የቱን ልተው የቱን ልያዝ እያለ የሚጨነቅ ሙዚቀኛ፣ በተለይ ሙቀት አገር የሚኖር፣ እንዳለ ስለማውቅ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት አንድ ጥሩ ቤዝ በችኮላ ከመሸጥ ትድናላችሁ።

ከዚራ ሰፈር የተከራየነው ቤት የድሮ ቤት ነበር፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ከሰዓት በኋላም ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። አከራያችን ለልጃቸው ሲፈልጉት ለቀን ኮንዶሚኒየም ገባን፣ የመጨረሻው ፎቅ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ እናቴና ዘጠኝ ቤዝ። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የላይኛው ፎቅ ግድግዳ ማታም ይተኩሳል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ በር ኋላ ደረደርኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ላይ የፍሬቶቹ (ክሩን የምንጫንባቸው ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ከኔኩ (ክሩ ከተዘረጋበት አንገት) ጠርዝ ወጣ ብሎ መዳፌን መቧጨር ጀመረ። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ የፍሬቱ ብረት ግን ባለበት ይቀራል፣ ስለዚ ጫፉ ይወጣል። ያኔ ነው ሁሉንም ልያዝ ማለት ሁሉንም ማበላሸት እንደሆነ የገባኝ፣ የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዋጋ ነው፣ ውዱን አስቀር ርካሹን ሽጥ ይላል፣ እኔም ወረቀት ላይ መጀመሪያ ያሰለፍኳቸው በዋጋቸው ነበር። ይሄ መንገድ አይሠራም። አንደኛ ዋጋ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ስንት እንደሚከፍልበት ነው፣ እናንተ ነገ ሥራ ላይ የምታጡትን አይነግራችሁም። ሁለተኛ እኛ አገር ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላና የቤዙ ራስ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ፌንደር የሚል የታወቀ የጊታር ፋብሪካ ስም ተለጥፎበት ሌላ ቦታ የተሠራ ቤዝ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ብትጠራጠሩ ኔኩን ከቦዲው ጋ የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትታችሁ የኔኩን መቀመጫ እዩ፣ የውስጡ አሠራር ከውጪው ጽሑፍ ጋ ካልሄደ እዛ ይጋለጣል። በሌላ በኩል ስኳየር የፌንደር ርካሹ መስመር ነው ተብሎ ይናቃል፣ እኔ ጋ የነበረው ስኳየር ግን ኔኩ ከሁሉም የጸና ነበር።

እና ዋናው ነገር ኔክ ነው። ይሄን በደንብ ስሙኝ። ቮልዩሙ ቢንኮሻኮሽ፣ ጃኩ ቢላላ፣ የፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ሽቦ ቢበጠስ መጋላ ሰፈር ውስጥ ካውያ ያለው የትኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ይሠራላችኋል። ኔኩ ከተጣመመ ወይ ፍሬቱ ካለቀ ግን በቅርብ የሚያድንላችሁ ሰው አታገኙም፣ ቢገኝም ክፍያው ከቤዙ ዋጋ ጋ ይቀራረባል። ስለዚ ስሙን ሳታዩ መጀመሪያ ኔክ በኔክ መርምሯቸው።

አመርማመሩ እንዲህ ነው። ቤዙን ቱን አድርጉና (ቃኙና) ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። በግራ እጃችሁ ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ፣ በቀኝ እጃችሁ ያንኑ ክር ኔኩ ከቦዲው ጋ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። አሁን ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ። ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ 7ኛውና 8ኛው ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል ብርሃን እንዴት እንደሚያልፍ እዩ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ካለ ሸጋ ነው። ክሩ ፍሬቱን ከነካ ኔኩ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ወይ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ሁለት ሦስት ካርድ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት ጎብጧል። ሁለቱም ኔኩ ውስጥ ባለው ብረት፣ ትረስ ሮድ በሚባለው፣ ይስተካከላል። በልኩ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጠርዝ መፍቻ) ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና ለነገ ተዉት፣ እንጨት ወዲያው መልስ አይሰጥም። ጠብቆ ጠብቆ መጨረሻው ላይ ደርሶ ኔኩ አሁንም ጎባጣ ከሆነ ግን ያ ቤዝ አበቃለት ማለት ነው፣ በጉልበት እንዳትጨምሩ፣ ብረቱ ይበጠሳል። ከዛ ቤዙን እንደ ጠመንጃ ከራሱ በኩል ወደ ታች አነጣጥራችሁ እዩት፣ የወፍራሙ ክር ወገንና የቀጭኑ ክር ወገን ጎን ለጎን እኩል ካልሄዱ ኔኩ ተጠምዝዟል፣ ይሄን ደግሞ ትረስ ሮድም አያድነውም። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች በጣታችሁ ዳብሱ፣ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ቦይ ሠርቶ ከሆነ የቀረው ዕድሜ አጭር ነው።

እኔ ጋ ሁለቱ እዚ ላይ ወደቁ። አንደኛው አሮጌ ባለ 5 ክር ነበር፣ ፍሬቱ ተበልቷል። ሁለተኛው የአስተማሪዬ የነበረው ጃዝ ቤዝ (ዓይነቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ) ነው፣ ትረስ ሮዱ ጫፍ ደርሷል። ስለሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

የቀሩት ሰባቱ ጤነኞች ስለነበሩ እዚ ላይ ተቆልፌ ቀረሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንዱን አነሳለሁ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያለ አምፕ እነካካለሁ፣ ይሄማ አይሸጥም እላለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ፣ እሱም አይሸጥም። ባለቤቴ አንድ ቀን "አንተ እኮ የምትሰማው እነሱን አይደለም፣ ራስህን ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብቻችሁን ቤት ውስጥ ስትነኩት ሁሉም ቤዝ ያምራል። ቤዝ ግን ብቻውን የሚሰማ መሣሪያ አይደለም፣ ከድራሙ እግር ጋ ሲመታ፣ ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋ ሲጋፋ፣ ከዘፋኙ ሥር ሲገባ ነው የሚታወቀው።

ስለዚ ሰባቱንም በባጃጅ ጭኜ ልምምድ ቦታችን ወሰድኳቸው። ድራመሩ፣ ኪቦርዲስቱና ዘፋኛችን ነበሩ። አንድ ትዝታ፣ አንድ ሞቅ ያለ የሰርግ ዘፈን፣ አንድ ሬጌ መረጥን፣ አምፑ ላይ አንዴ ያስተካከልነውን ማንም እንዳይነካ አልን፣ የማስተምረው ልጅ ስልኩን ክፍሉ ጥግ አስቀምጦ በተራ ቁጥር እየጠራ ቀዳው። ማግስቱን ቅጂውን ከቁጥሩ በቀር ምንም ሳልነግር ለሦስቱም አሰማኋቸው። እኔን የለወጠኝ ይሄ ነው። ስንት ዓመት "ይሄኛው ክብ ነው፣ ያኛው ስል ነው" ስል የኖርኩባቸውን ሁለት ጃዝ ቤዞች ማናቸውም አልለዩዋቸውም። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ስሰማ አልለየሁም። የተለዩት በዓይነት የሚለያዩት ብቻ ናቸው።

ዓይነት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ፌንደር ፕሪሲዥን የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1951 አወጣ፣ በ1957 ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ ሰጠው፣ ድምፁ ወፍራምና መሃል ላይ የጸና ነው። በ1960 ጃዝ ቤዝ መጣ፣ ሁለት ፒካፕ አለው፣ ኔኩም ከላይ መነሻው ላይ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የፕሪሲዥኑ 41 ይደርሳል፣ ጃዝ ለእጅ የሚቀለው ለዛ ነው። በ1976 ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ወጣ፣ ትልቅ ፒካፕና ባትሪ ያለው፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ድምፅ። ከነዚህ ሌላ ባለ 5 ክሩ፣ ፍሬት የሌለውና ክሩ አጭር የሆነው አሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ቤዝ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ አብዛኛው ከነዚህ የአንዱ ዘመድ ነው። ከአንድ ዘር ሁለት ካላችሁ ኔኩ የተሻለውን ያዙና ሌላውን ልቀቁ፣ እዚ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

ቀጥሎ ሥራችሁን ጻፉ። ልትሠሩ የምታስቡትን ሳይሆን ባለፈው ዓመት በእውነት የሠራችሁትን። የኔ እንዲህ ወጣ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ሥራ፣ ከዛ ሐረር ሆቴል የምንጫወትበት ማታ፣ ከዛ የመዝሙር ቀረጻ፣ ከዛ ማስተማር።

ሰርግ ማለት መብራት ይጠፋል፣ ጀነሬተር ይነሳል፣ የግራውንድ ሽቦ የሌለበት ሶኬት ላይ ይሰካል። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱ ቮልዩም እኩል ሲከፈት ጉምታው ይጠፋል፣ አንዱን ቀነስ ስታደርጉ ግን ሙሉ ሌሊት ጉምምም ይላል፣ አንድ ጥቅልል ሽቦ ብቻ ያለው ፒካፕ ባሕርዩ ነው። የፕሪሲዥኑ ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ ጉምታውን ራሱ ያጠፋዋል። ባትሪም የለው፣ አንድ ቮልዩም አንድ ቶን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ደክማችሁም አይሳሳትባችሁም። እሱ ላይ ፍላት ክር አድርጌበታለሁ፣ ገጹ ልሙጥ የሆነውን፣ ላብና አቧራ ውስጡ ስለማይገባ ዓመታት ይቆያል። ተራው ባለ ሸካራ ክር ድሬ ላብ ላይ ቶሎ ይሞታል፣ ክር ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰው ማስመጣት ነው። ሸካራውን የምትጠቀሙ ከሆነ ከየሥራው በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሲደክምባችሁ ፈትታችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ በደንብ አድርቁት፣ ለጥቂት ሥራ ነፍስ ይዘራል። በሮሃ ባንድ ዘመን ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ሲጫወት የሰማ ጆሮ ይሄን ደፈን ያለ የፍላት ድምፅ ለትዝታና ለአምባሰል ይወደዋል፣ ለኔ ሠርቷል።

ባለ 5 ክሩ ያማሃ የቀረው በሌላ ምክንያት ነው። የ4 ክር ቤዝ የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ ኢ ነው፣ 41 ኸርዝ ገደማ፣ አምስተኛው ክር ቢ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ሐቁን ለመናገር የሰርግ ቤት ስፒከሮች ያንን 31 ኸርዝ አያወጡትም፣ ጉልበት ብቻ ይበላሉ። ጥቅሙ ሌላ ነው፣ ዘፋኝ "በኢ ፍላት አድርጉልኝ" ወይ "በዲ" ሲል ኪቦርዱ በአንድ ቁልፍ ይቀይራል፣ እናንተ ግን ባለ 4 ክር ላይ ዝቅተኛው ድምፅ አይኖራችሁም፣ ባለ 5ቱ ላይ ኢ ፍላት 4ኛው ፍሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። የመዝሙር ቀረጻ ላይ ይሄ በየቀኑ ይመጣል። ያማሃው ውስጥ ያለው ባትሪ 9 ቮልት ነው፣ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል፣ ስለዚ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ ጃኩን ንቀሉ። ከቻላችሁ ባትሪ ሲያልቅ ወደ ፓሲቭ (ያለ ባትሪ ወደሚሠራው) የሚቀየር ማብሪያ ያለውን ያዙ፣ ያ ማብሪያ መድረክ መሃል ላይ አድኖኛል።

ስቲንግሬይ ዓይነቱ ከሁሉም ውድ ነበር፣ ብቻውን ሲሰማ ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው። ቅጂው ላይ ግን ዘፋኛችን "ይሄኛው ድምፄ ላይ ይቆማል" አለ። ሳክስና ክራር ሲጨመር ደግሞ መሃሉ ይጨናነቃል። ለሮክ ወይ ለፈንክ ባንድ ቢሆን አልሸጠውም ነበር፣ እኛ ግን ያንን አንጫወትም። ኋላ ሸጥኩት፣ የልጆቹን ክፍያም የሸፈነው እሱ ነው። ፍሬት የሌለው ይበልጥ አመመኝ፣ ትዝታ ላይ ድምፁን ስትጎትቱት ማሲንቆ ያስታውሳል፣ ግን ባለፈው ዓመት ይዘህ ና ያለኝ ሰው አልነበረም። እሱን እዚሁ ድሬ ላለ ጓደኛዬ ስሸጥለት ቀረጻ ካጋጠመኝ ሊያውሰኝ ተስማምተን ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ስምምነት ከሩቅ ገዢ ከምታገኙት ትርፍ ብር ይበልጣል።

እዚ ላይ ዝርዝሬ ፕሪሲዥን፣ ባለ 5 ክር፣ ጃዝ ነበር። ግን ወዲያው ለመሸጥ አልወጣሁም። የሚሄዱትን በሙሉ ወንድሜ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩና የሰርጉ ወቅት እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ይሄን ምክር ከሁሉም በላይ ያዙልኝ፣ ዕቃውን ከዓይናችሁ አርቁና የቱን ሄዳችሁ እንደምታመጡት እዩ። እኔ ሄጄ ያመጣሁት አጭሩን ነበር፣ ያልጠበቅኩትን። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ 86 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ አጭሩ 30 ኢንች፣ 76 ሴንቲሜትር። አዲስ ተማሪ መጣች፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ረጅሙን ሰጥቻት 1ኛው ፍሬት ጋ ስትደርስ ትከሻዋ ተጣመመ፣ አጭሩን ሳመጣላት በመጀመሪያው ትምህርት የሰርግ ዘፈን ቤዝ ይዛ ሄደች። ጃዙ ግን ቤቴ ተቀምጦ ወቅቱን ሙሉ ከቦርሳው አልወጣም። ስለዚ ጃዙ ወጣ፣ አጭሩ ገባ።

የአስተማሪዬ ቤዝ ይቀራል። እሳቸው በሕይወት እያሉ ነው የሰጡኝ፣ የመጀመሪያውን ሥራዬን የሠራሁት በሱ ነው። እንደዚህ ያለውን ዕቃ ከሥራ ዕቃ ጋ አታወዳድሩት፣ ካወዳደራችሁት ወይ ጤነኛውን መሣሪያ ያስሸጣችኋል ወይ እሱን በሸጣችሁበት ቀን እንቅልፍ ያሳጣችኋል። ብቻውን አስቡበት። እኔ ሙቀት ቤት ውስጥ አስሬ የባሰ እንዲጣመም አልፈለግኩም፣ አጽድቼ ወደ ቤታቸው ወሰድኩት። ባለቤታቸው ቦርሳውን ሲያዩ "እስካሁን አንተ ጋ ነው እንዴ? እኔ የተሸጠ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። ልጃቸው ሳሎን ሰቅሎታል፣ ክሩን አላልቼለታለሁ፣ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ስትሸጡ ችግሩን ፊት ለፊት ተናገሩ። ፍሬቱ ያለቀውን ባለ 5 ክር ለአንድ ጀማሪ በርካሽ ስሰጠው የትኛው ፍሬት ላይ እንደሚጮህ በጣቴ እያሳየሁ ነው፣ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ አንድ መድረክ ላይ ትገናኛላችሁ። ከቻላችሁ ያለ ደላላ፣ ለሚጫወትበት ልጅ፣ በየወሩ የሚከፍል ቢሆንም። ሰዓቱም ይወስናል፣ ባንዶች መሣሪያ የሚፈልጉት ጥር ከመግባቱና ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ነው፣ ክረምት ላይ ከሸጣችሁ ግማሽ ዋጋ ነው። ብሩጎላውን አብራችሁ ስጡ፣ ልኩ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ለቀሩት ሦስቱ አሁን ቦታ አለኝ። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አላስደግፋቸውም፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይ የቆመ መኪና ውስጥ አልተዋቸውም። በየኬዙ ውስጥ ቀዳዳ ያለው የሳሙና ዕቃ ከነእርጥብ ስፖንጁ አስቀምጣለሁ፣ የተጨመቀ፣ የማይንጠባጠብ፣ እንጨቱን የማይነካ፣ ከዛ ወዲህ የፍሬት ጫፍ አልቧጨረኝም። ሐረር ሥራ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ብርዱ ውስጥ ስትገቡ ክሩ ይሰበሰብና ድምፁ ከፍ ይላል፣ ስለዚ እንደደረሳችሁ ከኬዙ አውጥታችሁ ትንሽ ይተንፍስ፣ ከዛ ቱን አድርጉ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ አንዴ ድገሙት። ትረስ ሮዱን ግን እዛው ማታ እንዳትነኩት፣ ድሬ ተመልሳችሁ በማግስቱ ለክታችሁ ወስኑ።